ማክቤዝን ለተማሪዎች ስታሳዩ ትንቢቱን እንደ ቅኔ ስጡ

የሼክስፒርን አሳዛኝ ተውኔት ለማሳየት ላሰባችሁ የድራማ ክበብ መምህራን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን የያዘውን የጦር አለቃ ታሪክ፣ ማክቤዝን ምረጡ። ከአሳዛኝ ተውኔቶቹ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ትርጉምም አለላችሁ።

ትልቁ ነገር ግን ትንቢቱ ነው። መጋረጃው ሳይከፈት አንድ ተማሪ ወጥቶ ማክቤዝ ከጠንቋዮቹ ዘንድ የሚሰማቸውን ሁለት ቃሎች ይንገራቸው፦ «ከሴት የተወለደ አይጎዳህም»፤ «የቢርናም ጫካ ወደ ደንሲኔን ኮረብታ እስኪመጣ አትሸነፍም»። ከዚያ «ሰሙ ይኸው፣ ወርቁን እናንተ ፈልጉ» ብሎ ይውረድ። የጎጃም ልጅ ቅኔ ቤት ባይገባ እንኳ ሰምና ወርቅ ሲባል ጆሮው ይቆማል። ማክቤዝ እኮ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ሰው ነው! ደብረ ማርቆስ ላይ ስናሳይ፣ ማክቤዝን የሚገድለው ማክደፍ ያለጊዜው ከእናቱ ማሕፀን ተቀዶ መውጣቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከኋላ ወንበር «ወርቁ! ወርቁ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እንባዬ መጣ።

የሚመጣው ጫካ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ማክቤዝን ሊወጋ የሚገሠግሠው ጦር ነውና፣ ከመድረክ ጀርባ አይምጣ። ወታደሮቹ በዚያው ጠዋት የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው ከተመልካቹ መሀል ይነሡ፤ ሽታው ራሱ ይተውናል።

መብራት የለንም ብላችሁ አትተዉት። የሼክስፒር ተውኔቶች ይታዩበት የነበረው የለንደኑ ግሎብ ቲያትርም ጣሪያው ክፍት ነበርና የሚታየው በቀን ብርሃን ነው። ሌሊቱን ለማሳየት በማክቤዝ ሚስት በሌዲ ማክቤዝ እጅ ያለች አንዲት ጧፍ ትበቃለች። የማክደፍ ልጅ የሚገደልበትን ትዕይንት ግን ለትንንሾቹ ክፍሎች ቁረጡት። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታሳዩ፤ ዝናቡ ቃሉን ይውጠዋል።