ቤት ስታከራዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከውጭ ለሚያየው ቤት ማከራየት ቁጭ ብሎ መብላት ይመስላል። ቁልፍ ማስረከብ፣ ወር ሲሞላ ኪራይ መቀበል፣ አለቀ። የገባበት ግን ያውቀዋል። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ውስጥ አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፣ ከፍዬባቸዋለሁም።

ርክክብን በአፍ መጨረስ

ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን የሁሉም ፊት ፈክቷል። ተከራዩ ቤቱን ወዶታል፣ እናንተም ሰው አግኝታችኋል፣ በዚያ ሰዓት የበር ጭረት መቁጠር ነውር ነውር ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሲወጣ ነው። አንዱ ቤቴ ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። እኔ «አዲስ ናት» አልኩ፣ ተከራዩ «ስገባም ነበረች» አለ። ማስረጃ ያለው የለም። ከመያዣው ገንዘብ ቀንሼ መለስኩለትና ተኮራርፈን ተለያየን። እውነቱ የእሱ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

አሁን ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት ከተከራዩ ጋር ክፍል በክፍል እዞራለሁ። ግድግዳ፣ ወለል፣ መስኮት፣ ቧንቧ፣ ሁሉም ፎቶ ይነሳል። የውሃና የመብራት ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ ይጻፋል። ሁለታችንም ፈርመን አንድ አንድ ቅጂ እንይዛለን። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።

ትንሽ ለመጨመር ብሎ ቤቱን ባዶ ማስቀመጥ

ሂሳቡን ሥሩት። ወርሃዊ ኪራዩ 100 ነው እንበል። «105 ካላገኘሁ» ብላችሁ ሁለት ወር ከጠበቃችሁ 200 አጣችሁ። በወር 5 እየጨመረ ያንን የሚመልስላችሁ ከ40 ወር በኋላ ነው፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በላይ! ይህ ማለት ግን መጀመሪያ ለመጣው ሰው ዓይንን ጨፍኖ መስጠት አይደለም። የሚሠራበትን ጠይቁ፣ የቀድሞ አከራዩንም አነጋግሩ።

ኪራዩን በሙሉ ትርፍ ማድረግ

ከኪራዩ ላይ ግብር አለ፣ ጥገና አለ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ወር አለ። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢሆን እንኳ ከገቢው 8 በመቶ ያህል ሄደ ማለት ነው። በየወሩ ጥቂት ለብቻው አስቀምጡ። ጣሪያ ሲያፈስ ገንዘብ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

«ሳምንት አያለሁ» ማለት

ይሄ ከሁሉም የባሰ ይመስለኛል። ተከራይዋ «ኮርኒሱ ላይ ትንሽ እርጥበት አለ» ብላ ደወለችልኝ። ሳንቲም የምታህል ቡኒ ነጥብ ናት፣ ችላ አልኳት። ከወር በኋላ ስሄድ ኮርኒሱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ የልጅ አልጋ ከቦታው ተነስቶ ሳሎን ገብቷል። ያንን አልጋ ሳይ በጣም አፈርኩ። ሌላም ነገር አለ፤ ነግሯችሁ ያልሠራችሁለት ተከራይ ሁለተኛ አይነግራችሁም፣ ቀጣዩን ብልሽት የምትሰሙት ከመሸ ነው።

ሳያስታውቁ መሄድም እንደዚያው ነው። ቤቱ የእናንተ ቢሆንም መኖሪያው የእሱ ነው። ደውሉ፣ ቀን ተቀጣጠሩ።

ስትሸጡ

ውሉን ሳያነቡ ለገዢ «ባዶውን አስረክብሃለሁ» ማለት ብዙ ሰው አጣልቷል። በብዙ አገር ጊዜው ያላለቀ የኪራይ ውል ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ያልፋል። የእድሳት ደረሰኞችንም አትጣሉ፣ የሽያጭ ትርፍ ግብር ሲሰላ ቤቱን ለማሻሻል ያወጣችሁት ወጪ ከትርፉ ላይ የሚቀነስበት ቦታ ብዙ ነው። የምታውቁትን ጉድለት አትሸፋፍኑ፣ ቀለም የተቀባ እርጥበት ተመልሶ ይወጣል።

ደግሞ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ተከራዩ ከደላላ አይስማ። ለጎብኚ በር የሚከፍተው፣ ቤቱን አጽድቶ የሚያሳየው እሱ ነው። አንዳንዴም ቤቱን ከማንም በላይ ስለሚያውቀው የሚገዛው ራሱ ይሆናል፣ ግን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ያን ጊዜ ሌላ ቤት ቀብድ ከፍሏል።