የዶርም ጓደኛችሁ ጥቃት ደርሶባት ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ሁለተኛ ዓመት ሳለን የዶርም ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ማታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ነገረችኝ። ተደፍራ ነበር። እኔም የመሰለኝን አደረግኩ። ውኃ አሙቄ አጠብኳት፣ ልብሷን በሳሙና ዘፍዝፌ አሰጣሁት። ሰኞ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሟ "ያን ቀን የለበስሽው ልብስ የታለ?" ብላ ጠየቀቻት። ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሟት። "እዚያ ምን ወሰደሽ?" "ለምን አልጮኽሽም?" አትበሏት። በድንጋጤ ሰውነት ድርቅ ይላል፣ ድምፅም አይወጣም። "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በቂ ነው። እሷ ሳትፈቅድ ለማንም አትንገሩ፣ ለሌሎቹ የዶርም ልጆችም ጭምር።

ሳትታጠብ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ዋናው ይህ ነው። ከቻለች ሽንት ቤትም ሳትገባ ብትሄድ ይመረጣል። ልብሷን ከቀየረች የወለቀውን እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጉት። ፌስታል አትጠቀሙ። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ማስረጃው ይበላሻል። ወረቀት ከጠፋ ንጹሕ ጋዜጣ ይሆናል።

ታጥባም ቢሆን ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፣ ግን በየሰዓቱ አቅሙ ይቀንሳል። "ነገ ጠዋት እንሄዳለን" አትበሉ። እኔ በካምፓስ ክሊኒክ በኩል ማለፍን አልመክርም። ብዙ ጊዜ ሪፈር ይጽፉላችኋል፣ ሰዓቱም እዚያው ያልቃል። በቀጥታ የመንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የምክር አገልግሎቱን በአንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለው። እንዲህ ሲሆን ታሪኳን አምስት ቦታ እየዞረች አትደግምም።

ብታረግዝስ? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 መሠረት እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ ማቋረጥ ይፈቀዳል፣ ለማስረዳትም የራሷ ቃል በቂ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ ቢሏት እሺ አትበሉ።

የሆነውን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል። ቴሌግራም ላይ የጻፈላት ነገር ካለ ወዲያው ስክሪንሾት አንሱ። ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስሙና ቀኑ ይታይ።

መክሰስ የእሷ ውሳኔ ነው። ከወሰነች አብራችኋት ሂዱ። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የጊቢው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተማሪውን ሊያባርር ይችላል፣ ሊያስር ግን አይችልም። ስለዚህ ለጊቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ማመልከት ፖሊስን አይተካም፣ ሁለቱንም አድርጉ። ከሁሉ በላይ ሽማግሌ ልኮ "ልጁ ሊመረቅ ነው፣ ታረቁ" የሚል ሲመጣ በር አትክፈቱለት። እኛ ከፍተን ነበር። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ስለ ክስ አንድም ቀን አላነሳችም።

ውጤት ይዞ የሚያስፈራራ መምህር ካለ ቢሮው ለብቻችሁ አትግቡ፣ በሩም ይከፈት። "ማታ ደውይልኝ" ካለ "ጥያቄዬን በጽሑፍ ልኬያለሁ" በሉት፣ ላኩም። የፈተና ወረቀታችሁ እንደገና እንዲታረም ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ኮፒውን ያዙ።

ለመከላከል ደግሞ "ማታ አትውጪ" ማለቱን ተዉትና ከላይብረሪ ወደ ሴቶች ዶርም በሚወስደው መንገድ የተቃጠሉትን አምፖሎች ቆጥራችሁ ለተማሪዎች ዲን በደብዳቤ ስጡ። ወንዶች፣ ፍሬሽ ማን ልጅ አስክሮ ሊወስድ የተነሳውን ጓደኛችሁን የምታስቆሙት እናንተ ናችሁ። እሱ የሚሰማው እናንተን ነው።

ከሆስፒታል ከተመለሳችሁ በኋላም ሥራ አለ። የኤችአይቪ መከላከያው 28 ቀን ይወሰዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብዙዎች መሀል ላይ ያቆሙታል። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፣ የምትቀምሰው ነገር አቅርቡላት፣ እስክትውጠው አብራችኋት ተቀመጡ።