የገጠር ልጆችን ጣና ዳር ለማሳደር

የገጠር ልጆችን ሰብስባችሁ ጣና ዳር ጥቂት ቀን ለማሳደር ካሰባችሁ ክረምቱን ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ልጁ ለአረም ይፈለጋል፤ መስከረምና ጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻው ረግረግ ይሆናል፣ ወባም ይበረታል። እኔ የምመርጠው የጥር መጨረሻን ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ያበቃል፣ እህሉ ከአውድማ ይገባል፣ መሬቱ ደረቅ ነው። ሌሊቱ ይበርዳልና ሁሉም ጋቢውን ይዞ ይምጣ።

ድንኳኑን ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አርቁት። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። መመላለሻውን የአካባቢው ሰዎች ያውቁታልና ሳትጠይቋቸው ካስማ አትትከሉ።

በውሃው ነገር ልመና አልሰማም። ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ እዚያ መንቦራጨቅ ክልክል ይሁን። ልጆቹ ከመድረሳቸው ሁለት ቀን ቀድማችሁ የመታጠቢያውን ውሃ በበርሜል አጠራቅሙ፤ የመጠጡን አፍሉት። ሾልኮ የገባ ልጅ ካለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ በጀልባ ወደ ዘጌ ውሰዷቸው፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡናና የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሥዕሎች ይዩ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና በጊዜ ተመለሱ። ከሰዓቱን ለታንኳ ሠሪ ስጡት። ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ለምን ዳር ላይ ቀጥ አድርገው እንደሚያደርቁት በእጁ እያሳየ ይንገራቸው።

እኔ የሰከላ ልጅ ነኝ። መምህራችን ወደ ጣና ባወረዱን ጊዜ፣ በአንድ ዝላይ የምንሻገረው ግልገል ዓባይ እዚህ እንደሚገባ ሲነግሩን አላመንኋቸውም ነበር። እናንተም እያንዳንዱን ልጅ ወንዙን ጠይቁት። ርብ ይሁን ጉማራ፣ መገጭም ይሁን፣ ሁሉም እዚሁ ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሐይቁን የሚያየው እንደ እንግዳ አይደለም።

ምግቡ አያስጨንቃችሁ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ማታ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ይበቃል። ሲመሽ ስልኮቹን ሰብስቡና እሳት አንድዱ። እኛ ያን ጊዜ እንቅልፍ እስኪጥለን የተጫወትነው እንቆቅልሽ ነበር፤ ዛሬም የሚተካው አላገኘሁም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌሎቹ «ምን አውቅልህ» ይላሉ፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ታላላቆቹ ይጀምሩ፣ ዓይን አፋሮቹ ቆይተው ይገባሉ። እናንተ ዳኛ አትሁኑ። ጎርጎራን የሰጠ ይስጥ፣ ጣናን ከነደሴቶቹ የሰጠም ካለ ይስጥ።