ቦይለሩ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ፦ ችግርና መፍትሄ

መብራት መኖሩን፣ ብሬከሩ አለመውረዱን፣ የውሃው መስመር መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ማሞቅ ይዘገያል፣ ውስጡ ይንተከተካል፣ የመብራት ሂሳብ ጨምሯል

አብዛኛው ጥሪዬ ይኸው ነው። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዘንግ፣ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ቅርፊቱ ውሃው ውስጥ የነበረ ጨው ነው።

ይህን ስናገር ደንበኛው ይከራከረኛል፤ «ሙቅ ውሃ ጨው ያሟሟል እንጂ እንዴት ያስቀምጣል?» ስኳር ላይ ልክ ነው። የወጥ ቤት ጨው እንኳ ለሙቀት ብዙም ደንታ የለውም፤ 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ያህል ቢያሟሟ፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም ገደማ ነው። የቦይለር ጠላት ሌላ ዓይነት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይ ውስጥ ካልሲየም ባይካርቦኔት አሟሙቶ ይመጣል። ቀዝቃዛ ሳለ አይታይም። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔት ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ አልሟሟም ይላል። ታዲያ የሚጋገረው ከሁሉም ትኩስ በሆነው ቦታ፣ በሬዚስታንሱ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት እንደ ልብ አያሳልፍም። ከሥሩ የታፈነው ውሃ እንፋሎት እየሆነ ሲፈነዳ ነው ያ ድምፅ የሚሰማችሁ።

ድሬዳዋ የሠራ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ እዚያ ማንቆርቆሪያው ራሱ ውስጡ የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል። አንድ ሆቴል ውስጥ የገጠመኝን አልረሳም። ቡሎኖቹን ፈትቼ ሬዚስታንሱን ብስብ አልወጣ አለኝ። ሲገባ ጣት የሚያክለው ነገር የክንዴን ያህል ወፍሮ በቀዳዳው አያልፍም። ከሰዓቱን ሙሉ በእንጨት ዘንግ ቅርፊቱን ስፈረፍር ዋልኩ። በመዶሻ አትምቱት! ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውሃና መብራት ይገናኛሉ።

መፍትሄው፦ ብሬከሩን አውርዱ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ማን እንዴት አድርጎ እንደገጠመው አታውቁም። ይቀዝቅዝ፣ መግቢያውን ዝጉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ አሟሙታችሁ ሬዚስታንሱን ንከሩት፤ የሽቦው ጫፎች ከውሃው በላይ ይሁኑ። አረፋ ያወጣል። አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ካልለቀቀ አሲዱ አልቋል ማለት ነው፣ ሌላ በጥብጡ። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ቤቱም ሳምንት ሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል።

ለብ ያለ ያልኩት በምክንያት ነው። ጀማሪ ሳለሁ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ሲትሪክ አሲዱን በማንቆርቆሪያ አፈላሁት። አሮጌው ቅርፊት ለቀቀና በቦታው አዲስ ነጭ ነገር ተለጠፈልኝ። ካልሲየም ሲትሬት ነበር፤ እሱም ሲሞቅ ከመሟሟት የሚሸሽ ጨው ነው።

የባትሪ አሲድ አትጠቀሙ። ጋራዥ ያለው ዘመድ «በአንዴ ነው የሚያጸዳው» ብሎ ያመጣለት ደንበኛ ነበረኝ። የባትሪ አሲድ ከቅርፊቱ ጋር ሲገናኝ ጂፕሰም (ጄሶ) ይሠራል፤ ጂፕሰሙ እንደ ልስን ሸፍኖት አሲዱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቅርፊቱ በቦታው ቀረ፣ ብረቱ ግን ተበላ። ከየትኛውም አሲድ ጋር በረኪና አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ሲገጠም የክዳኑን አሮጌ ጎማ አትመልሱት፤ የጎማው ዋጋ ከሚያበላሸው ኮርኒስ ጋር አይወዳደርም። መብራቱን ከመመለሳችሁ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ ያለ አየር እስኪወርድ ጠብቁ። ረዳቴ አንድ ጊዜ ባዶውን አበራው። አዲስ ሬዚስታንስ ነበር። ነበር።

ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) 60 ዲግሪ ላይ ተዉት። እስከ ጫፍ ያዞረ ሰው ቅርፊቱን ራሱ እየጋገረ ነው።

በማግኔት ቅርፊት ይከላከላል ተብሎ ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ዕቃ ገዝተው የጠሩኝ አሉ። የጠሩኝ ሬዚስታንሳቸው ቅርፊት ለብሶ ነው። የሸክላ ማጣሪያም የተሟሟ ጨው አያስቀርም፤ የሚይዘው ደለል ነው።

ምልክት፦ ውሃ ሲሞቅ ብሬከሩ ይወርዳል

ብዙ ጊዜ ሬዚስታንሱ ከቅርፊቱ ሥር ግሎ ተሰንጥቋል። ይቀየራል። ብሬከሩን በትልቅ አትቀይሩ፣ ሰው ይገድላል።

ምልክት፦ የሻወሩ ውሃ ወደ ጎን ይረጫል

ቀዳዳዎቹ በዚያው ቅርፊት ተደፍነዋል። አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ይደር።

ምልክት፦ የተቀዳው ውሃ እንደ ወተት ነጭ ነው

ብርጭቆው ውስጥ ከታች ወደ ላይ ከጠራ አየር ነው፣ ተዉት።

ምልክት፦ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው) ያንጠባጥባል

ሲያሞቅ ብቻ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ መቀመጫው ላይ ቅርፊት ገብቷል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ቫልቩ ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። በቡሽ የደፈኑትን አይቻለሁ፤ በላስቲክና በሽቦ ያሰሩትንም። የተደፈነ ቫልቭ ያለው ቦይለር ቴርሞስታቱ በተበላሸ ቀን ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ሌላውን ሥራ ትቼ መጀመሪያ ብሬከሩን አወርዳለሁ።