ልጃችሁን ለአእምሮ ሕክምና ስታስተኙ እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ

ሰሞኑን አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። የ15 ዓመት ልጇ እንቅልፍ ካጣ ሰነባብቷል። ብቻውን ያወራል፣ ምግቤ ውስጥ መርዝ ጨምራችኋል ይላል። አዲስ አበባ ተኝቶ እንዲታከም ሪፈር ጽፈውለታል። «የአጎትህ ልጅ ሠርግ አለ ብዬ ልወስደው ነው» አለችኝ። ይህንኑ ከስንት ወላጅ ሰማሁት!

እኔም ልጄን የወሰድኳት ሠርግ ነው ብዬ ነው። 16 ዓመቷ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሳን። ማታውን ሂና ተቀብታ አድራለች፣ አዲሱን ቀሚሷን በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሐረጎን ስንወርድ ሙሽራዋ ምን እንደምትለብስ ጠየቀችኝ። 400 ኪሎ ሜትር ሙሉ እሷ ስትጠይቅ እኔ ውሸት ስጨምር ዋልኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ጽሑፉን አነበበችው። አልጮኸችም። እጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ክኒን አልውጥም ብላ አስቸገረች። ነርሷ «መድኃኒት ነው» ስትላት «እናቴም ሠርግ ነው ብላኝ ነበር» ትላት ነበር።

እባካችሁ አትዋሹ። የታመመ ልጅ ሞኝ አይደለም። በተለይ ሰው ሁሉ ያሴርብኛል የሚል ልጅ፣ የገዛ እናቱ ስታሴርበት በዓይኑ ካየ፣ ሕመሙ ትክክል ነው ብላችሁ መሰከራችሁለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙን በምን ይመን? እውነቱን በአጭሩ ንገሩት። «እንቅልፍ አጥተሃል፣ የምትሰማው ድምፅ እያሠቃየህ ነው፣ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ ምናልባት ትተኛለህ፣ እኔ አልተውህም» በሉት። አልሄድም ቢልስ ትሉኛላችሁ። ሊል ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዳችሁ መማከር ያለባችሁ። የሚያረጋጋ መድኃኒት እዚሁ ሊያስጀምሩትና ለመንገዱ ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ከዘመድም የሚሰማውን ሰው አብራችሁ ውሰዱ። የእኔ ልጅ የምትሰማው አያቷን ነበር፤ እኔ ግን እሷን ቤት ትቻት ሄድኩ።

ሁለተኛው ጥፋቴ መደበቅ ነው። ሐኪሙ «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የለም አልኩ። ወንድሜ በወጣትነቱ ታሞ ነበር። ነገ ልጄን የሚያገባት ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ያኔ ምን ወስዶ እንደተሻለው ብናገር ለሐኪሙ ይጠቅመው ነበር። ጫትም ካለ ተናገሩ። እኛ ወሎ ቤት ጫት የዱአም የጨዋታም ስለሆነ እንደ ነገር አንቆጥረውም፤ ድምፅ ለሚሰማ ልጅ ግን ሕመሙን ያብስበታል፣ እንቅልፉንም ይነሳዋል። የወሰደውን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ።

ጠበል ወይስ ሐኪም፣ ሩቂያ ወይስ ክኒን ብላችሁ አታማርጡ፤ ሁለቱም ይሁን፣ ክኒኑ ግን አይቋረጥ። ልጅን ማሰርማ በፍጹም!

አስታማሚ ሆናችሁ ዋርድ ስትገቡ ስለ መድኃኒቱ ጠይቁ። ልጄ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ መድኃኒት በጀመረች በሁለተኛው ቀን አንገቷ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እኔ ጂኑ መጣ ብዬ መቅራት ጀመርኩ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ መርፌ ወጋቻት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ተፈታ። የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ማፍቻም አለው። ቤት ሆኖ ቢያጋጥማችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱ እንጂ ክኒኑን በገዛ እጃችሁ አትጣሉ።

«ተሽሎታል» ብሎ ማቆም ደግሞ ስንቱን መልሶ አስተኛ። መድኃኒቱ ሙሉ ሥራውን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። የተሻለውም ስለወሰደው ነው። ክኒን አሰለቸው? በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ጠይቁ። አወፈረው? ኦላንዛፒን የሚባለው የአእምሮ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ይቀይርላችኋል ወይ መጠኑን ያስተካክላል። ረመዳን ሲመጣ ሰዓቱን ራሳችሁ አታሸጋሽጉ። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ቀኑን ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊከማች ይችላል። ቢያስመልሰው፣ እጁ ክፉኛ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢንገዳገድ ቶሎ ሐኪም ዘንድ። ለታመመ ሰው ጾሙ ግዴታ እንዳልሆነ ሼሁም ቄሱም ይነግሯችኋል።

ቤት የቀሩትን ልጆች አትርሱ። ታናሽየው አክስቱ ጋር ሰንብቶ ስመለስ «እኔም ልታመም?» አለኝ።

አሁን ስለ መውጫው ልንገራችሁ። ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚለው ግን ከሆስፒታል በወጡበት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የአይጥ መርዝ፣ የእህል ነቀዝ መድኃኒት፣ የቤተሰቡ ክኒን ሁሉ ይቆለፍበት። የልጁን ክኒን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ስጡት። ጎረቤት በፍቅር ነው የሚመጣው፣ አውቃለሁ፤ እኛ ቤት በመጀመሪያው ቀን ቡና ላይ 20 ሰው ተቀመጠና ልጄ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። ሳምንት ቆዩልን በሉ፣ አይቀየሙም።

ደግሞ ጠይቁ። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባቸውም። እኔ አፌ አልፈታ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አንድ ማታ ፀጉሯን እየሠራሁላት «ልጄ፣ መሞት ያምርሻል?» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «አንዳንዴ» አለችኝ። አብሽሪ አልኳትና አጠገቧ አደርኩ። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ወዴት እንደምንሄድ ነገርኳት፤ ሐኪም ዘንድ፣ ትናንት ያልሽኝን ልንነግረው። ጫማዋን ራሷ አሰረች።