ከብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ እንዴት ይነሳል?

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ውል ስትዋዋል አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች። የጣቷ መስመር በሥራ ብዛት ስለተፋቀ ጸሐፊው ሁለቴ ሦስቴ ያስደግማት ነበር። የአሻራ ነገር የያዘኝ ያኔ ነው። እንግሊዛዊው ሹም ዊሊያም ኸርሽልም እ.ኤ.አ. በ1858 ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ በአሻራ መጠቀም የጀመረው በውል ነው። አንድ ዕቃ አቅራቢ ቃሉን እንዳያጥፍ መላ መዳፉን አሳተመው።

ዛሬ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከልጆቹ ጋር የምንሠራው እንዲህ ነው።

የለስላሳ እርሳስ ጥቁሩን በምላጭ ፍቃችሁ አድቅቁት። ብርጭቆ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ጣታችሁን ግንባራችሁ ላይ አሹትና ብርጭቆው ላይ ጫን አድርጉ፤ እንዳታንሸራትቱት። የጣት ጫፍ የራሱ ቅባት የለውም፤ ወዝ የሚያገኘው ፊትና ፀጉር ሲነካ ነው። ዱቄቱን የሚይዘው ይሄ ወዝ ነው።

የሜካፕ ብሩሽ ጫፉን ዱቄት አስነኩና ትርፉን አራግፉ። በስሱ ዳበስ ዳበስ አድርጉ። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ብቅ ሲል ይጓጉና ዱቄት ይጨምራሉ፤ ክፍተቱ ይሞላና አሻራው ይጠፋል። መስመሩ እንደታየ እጃችሁን ሰብስቡ። ግልጽ ፕላስተር ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ለጥፉ፣ አንሱት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉት። ቀኑንና የተነሳበትን ቦታ ወዲያው ጻፉ።

አሁን በማጉያ መነጽር እዩት። መስመሮቹ እንደ ውሃ አዙሪት ይዞራሉ? ወይስ በመጡበት ይመለሳሉ? ቅርጽ ብቻውን ግን ሰው አይለይም፤ የብዙ ሰው ጣት ተመላሽ ነው። መስመር የሚቋረጥበትንና ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ አንድ በአንድ አነጻጽሩ። አትቸኩሉ።

ለምን መቸኮል እንደሌለባቸው ለልጆቹ የምነግራቸው እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና፣ ኔኮቼያ የሆነውን ነው። የፍራንሲስካ ሮሃስ ሁለት ልጆች ተገደሉ። እሷ ጎረቤቷን ከሰሰች። ሰውየው ቢሰቃይም አላመነም። መርማሪው ኤድዋርዶ አልቫሬዝ በር ላይ በደም የታተመ አውራ ጣት አገኘ፤ እንጨቱን አስቆርጦ ወሰደ። የአርጀንቲና ፖሊስ ባልደረባ በነበረው በሁዋን ቩሴቲች የአሻራ መለያ ዘዴ ሲያነጻጽረው የእናትየዋ ሆነ። አመነች። ያ ጎረቤት የዳነው አንድ ሰው በሩን ደህና አድርጎ ስላየ ነው።

ስትጨርሱ ብርጭቆውን እጠቡ። የልጆቹን አሻራ ለየባለቤቱ መልሱ፤ እናንተ ጋ አይቅር።