ከሜሞሪ ካርድና ከዲስክ ኢሜጅ ላይ ፋይል ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃን ሠርግ በሠርግ ትሆናለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ «ፎቶው በስህተት ተሰረዘብኝ» የሚል ፎቶ አንሺ ካርዱን ይዞ ጥገና ቤት ይመጣል። ለዚህ ሥራ ስሉዝ ኪት የተባለው ነፃ የኮማንድ ላይን (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ) መሣሪያ ይበቃል። ክፋቱ የጠየቁትን ብቻ መመለሱ ነው፤ ጥያቄው ከተሳሳተ መልሱም ደህና መስሎ ይሳሳታል።

ዋናውን ካርድ መንካት። ካርዱን ሲሰኩ ኮምፒውተሩ ራሱ ከፍቶ ሊጽፍበት ይችላል። በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ይዝጉ፣ አውቶማቲክ አከፋፈቱን ያጥፉ፣ ከዚያ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም በዲዲሬስኪው ኢሜጅ፣ ማለትም የካርዱን ሙሉ ቅጂ የያዘ አንድ ፋይል፣ ያንሱ። በተራው የመገልበጫ ትእዛዝ በዲዲ «ኖኤረር»ን (ስህተት ቢያገኝም ቀጥል) ያለ «ሲንክ» (ያልተነበበውን በዜሮ ሙላ) ከተጠቀሙ ያልተነበበው ክፍል ይዘለልና ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል። የኢሜጁን ሻ256 ቁጥር (ፋይሉ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ) ወስደው ኢሜጁን እንዳይጻፍበት ይቆልፉት።

መብራት ድንገት የጠፋበት የዴስክቶፕ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኢኤክስቲ4ን (የሊኑክስን ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) «ሪድ ኦንሊ» (ለማንበብ ብቻ) ብለው በቀጥታ ቢከፍቱትም ኮምፒውተሩ ጆርናሉን (ያልተጠናቀቁ ለውጦች የተመዘገቡበትን) ሊያጫውትና ዲስኩን ሊለውጥ ይችላል። ይህን የሚከለክለውን «ኖሎድ»ን ይጨምሩበት።

ሴክተርና ባይት ማምታታት። ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። «ኤምኤምኤልኤስ» የተባለው የስሉዝ ኪት ትእዛዝ የፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) መነሻ የሚናገረው በሴክተር (ዲስኩ በተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜ 512 ባይት) ነው፤ በሜሞሪ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ 8192 ይላል። ለ«ኤፍኤልኤስ» (ፋይል ዘርዛሪው) እና ለ«አይካት» (ፋይል አውጪው) ቁጥሩን እንዳለ ከ«ሰረዝ ኦ» በኋላ ይጽፉታል። ፋይል ሲስተሙን የሚከፍተው «ማውንት» ግን ባይት ስለሚፈልግ በ512 ያባዙት፤ 4194304 ይሆናል። (ሴክተራቸው 4096 ባይት የሆነ ዲስኮችም ስላሉ መጠኑን አስቀድመው ይዩ።) መነሻውን ጨርሶ ከረሱት መሣሪያው የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ማወቅ እንዳልቻለ ይናገራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካርዱ ሞቷል» ብሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ያነበበው ግን የፓርቲሽን ሠንጠረዡን እንጂ ፎቶዎቹ ያሉበትን ክፍል አይደለም።

ውጤቱን የት እንደሚያስቀምጡ አለማየት። «አይካት» ፋይሉን ወደ ስክሪን ስለሚያፈሰው በ«>» ወደ አዲስ ፋይል ይመራል። ከምልክቷ በኋላ በስህተት የኢሜጁን ስም ከጻፉ ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ትእዛዙ ሳይጀምር ኢሜጁን ባዶ ያደርገዋል። ያ 32 ጊጋባይት በአንዲት ኢንተር ሄደ ማለት ነው። መቆለፉ ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው።

ኮከቧን አይቶ ፋይሉ ተገኘ ማለት። በ«ኤፍኤልኤስ» ዝርዝር ኮከብ ያለበት ስም የተሰረዘ ነው። በፋት32 (በካሜራ ካርዶች የተለመደ ፋይል ሲስተም) ካርድ ላይ ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ስለሚጠፋ «አይኤምጂ» ብሎ የሚጀምረው ፎቶ «_ኤምጂ» ሆኖ ይታያል፤ ይሄ ያለ ነው። ዋናው ነገር፣ የፋይሉን ቁርጥራጮች በቅደም ተከተል የሚያያይዘው ሰንሰለትም አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው መነሻውና መጠኑ ብቻ ስለሆነ ፎቶው ካርዱ ላይ ተበታትኖ ከነበረ ግማሹ ሙሽራዋን፣ ግማሹ ግራጫ ቀለም ያሳያል። ያኔ ፎቶን በስሙ ሳይሆን በይዘቱ በሚፈልገው ፕሮግራም በፎቶሬክ ይሞክሩ። በኢኤክስቲ4 ስሙ ቢገኝም ወደ ይዘቱ የሚመራው አድራሻ ስለሚደመሰስ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ባዶ ፋይል ነው። በዝርዝሩ ከፋይሉ መለያ ቁጥር አጠገብ «ሪአሎክ» የሚል ካዩ ቁጥሩ ለሌላ ፋይል ተሰጥቷል፤ የሚያወጡት ይዘትም የሌላው ፋይል ነው።

ሰዓቱን እንዳለ ማንበብ። የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የሆነው ኤንቲኤፍኤስ ሰዓትን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። እዚያ 22:00 የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ቀኑም በፈረንጆቹ ወደ ማግስቱ ይዞራል። ፋት32 ደግሞ ካሜራው ላይ የተሞላውን ሰዓት ያለ ምንም ማስተካከያ ይጽፋል፤ ስለዚህ የካሜራውን ሰዓት ያረጋግጡ። የመጨረሻ የተከፈተበትን ጊዜ በሚመለከት ፋት32 ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አይይዝም፤ 00:00:00 ቢል «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተከፍቷል» ብለው ሪፖርት እንዳይጽፉ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱም ጳጉሜ 6 ያላትን ዓመት ያስቡ፤ ጥር 11 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ላይ ሲውል፣ የ2017ቱ ግን ጃንዋሪ 19 ላይ ነበር።